ግማሽ ክኒን

ከዚህ በታች የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነው፤ አንዲት ቃል ጨምሬ ከሆነ ምላሴ ይታሰር። መቀነስስ ቀንሻለሁ። ሙሉውን ብጽፈው የብሮክተን ሴት ሁሉ ሥራ ፈትታ ስታለቅስ ትውላለች።

ያኔ በአሜሪካዋ ከተማችን በብሮክተን ካለን ሄይቲያውያን መካከል እንደ እኔ ያለ ጣሪያ ሠሪ አልነበረም። በቀን ሦስት ቤት፣ ብቻዬን፣ ለመሰላል እንኳ ብዙም ሳልጨነቅ። እሁድ እሁድ ስዘምር ደግሞ ቄሱ ስብከታቸውን ያሳጥሩልኝ ነበር።

አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት፣ ነርሶች ጠረጴዛ ዘርግተው የምእመኑን የደም ግፊት ይለካሉ። አንዷ ሚርላንድ ነበረች። ከሄይቲ፣ ከሌዮጋን ከተማ ከመጣች ስምንት ዓመቷ ነው፤ የሽማግሌዎች አልጋ እያነጠፈች ተምራ ነርስ ሆናለች። ዐይኗ ሲያርፍብህ የሠራኸው ጥፋት ሁሉ ትዝ ይልሃል።

ክንዴን ሰጠኋት። ጨርቁን አሰረች፣ ነፋች፣ ቁጥሩን አየች። ደግማ ነፋች።

«ጡንቻዬ ነው መሣሪያሽን ያስጨነቀው» አልኳት።

«መቶ ዘጠና በመቶ ዐሥር» አለች ሳትስቅ። «አንተ ሰው፣ በእግርህ ነው የመጣኸው?»

«በክንፌ። አንቺን ሳይሽ ነው እንዲህ የሆነው፤ እስቲ ራቅ ብለሽ ለኪኝ።»

«ርቄ በምን ልለካህ?» ከንፈሯ ጥግ ላይ ፈገግታ መጣና ተመለሰ። «መድኃኒት አልታዘዘልህም?»

«ታዟል።»

«ትወስዳለህ?»

«እወስዳለሁ።»

ዐሥራ አንድ እሁድ ክንዴን ሰጠኋት። ዐሥራ አንድ እሁድ ቁጥሩ አልወረደም። እሷ ለሐኪሜ ትጽፋለች፣ ሐኪሙ መጠኑን ይጨምራል፣ እኔ አመስግኜ እወጣለሁ። ስትለካኝ ጣቷ አንጓዬ ላይ ከሚገባው በላይ መቆየት ጀመረ። ሁለታችንም አውቀነዋል።

በዐሥራ ሁለተኛው እሁድ አከራዬ ማዳም ኢቭሮዝ ለዱባ ሾርባ ጠሯት። ሚርላንድ ማንኪያ ፍለጋ መሳቢያ ከፈተችና የእኔን ትንሽ የቆርቆሮ ሣጥን አገኘች። ውስጡ ምላጭና በምላጭ የተከፈሉ ክኒኖች አሉ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ግማሹ የእኔ ነው። ግማሹ በመንገደኛ ሻንጣ ወደ አገር ቤት፣ ዠሬሚ ይሄዳል፣ ለእናቴ። እዚያ መድኃኒት በጸሎትም አይገኝ።»

«ለሐኪሙ ነግረኸዋል?»

«ትወስዳለህ ወይ አለኝ፤ እወስዳለሁ አልኩት። ግማሹን ነው ሙሉውን ብሎ የጠየቀኝ የለም። አንቺም አልጠየቅሽኝ።»

ማዳም ኢቭሮዝ ሾርባውን ማማሰል አቆሙ።

«ሐኪሙስ ፈረንጅ ነው» አለች ሚርላንድ። «ከአሜሪካ የመጣ ሻንጣ ሲከፈት እየጠበቅሁ ያደግሁት እኔ፣ እንዴት ሳልጠይቅህ ቀረሁ?»

«አንቺማ ብትጠይቂኝ ጉበቴንም አልደብቅሽም ነበር።»

«ነገ አብረን እንሄዳለን፤ ሁሉን ትነግረዋለህ።»

«እሺ። ግን መጀመሪያ አግቢኝ።»

«መጀመሪያ ኑርልኝ» አለች።

ይህን ሰምቼ ልነሣ ስል ቀኝ እግሬ እምቢ አለኝ። ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ወደቅሁ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይሞት ነበር። እኔ ግን አርባ ቀን ተኝቼ፣ ዘጠኝ ሐኪም አሰልችቼ ተነሣሁ። ሚርላንድ ከአልጋዬ ጎን ተቀምጣ ነበር፤ ፊቷ ያረጀ መሰለኝ።

«ትምህርት ቤት ልመለስ ነው» አለችኝ። «ነርስ ፕራክቲሽነር እሆናለሁ። መርምሬ፣ በራሴ ፊርማ መድኃኒት አዛለሁ። ወገኔ ፊቴ ሲቀመጥ ያልጠየቅሁትን እጠይቃለሁ።»

«ሠርጋችንስ?»

እጄን ይዛ መስኮቱን ታያለች። ቀን ሥራ፣ ማታ ትምህርት፣ በዚያ ላይ አንድ ጎኑ የዛለ ባል። እንደምታውቁት ልቤ ሰፊ ነው። «ሂጂ፤ እንቅፋት አልሆንብሽም» አልኳት። ያን ቀን የጣለው ዝናብ ሁለት ድልድይ ወሰደ።

ዛሬ ሚርላንድ ስሟ የተጻፈበት የራሷ በር አላት። አንድ ሄይቲያዊ ገብቶ ሲቀመጥ ክንዱን ከመንካቷ በፊት «ክኒንህን ከማን ጋር ነው የምትካፈለው?» ትለዋለች። አንዳንዱ ይቆጣል፤ ብዙው ያለቅሳል። ለምን ይህን ሥራ መረጥሽ ሲሏት ቀጣዩን ታካሚ ትጠራለች፤ መልሱ እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ አላገባችም። መንገድ ላይ ስታገኘኝ ቆማ ፊቴን አይታ አትጠግብም። ከዚያ ሳታናግረኝ ታልፋለች። ፍቅር እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ትናንት ይህን ጽሑፍ ለማዳም ኢቭሮዝ አነበብኩላቸው። ባቄላ እየለቀሙ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ይስቃሉ ብዬ ስጠብቅ ሳህኑን ወደ ጎን አደረጉት።

«ዊልነር፣ ልጄ» አሉኝ ቀስ ብለው። «ያን እሁድ ወጥ ቤቴ ውስጥ የወደቀው ወንድምህ ኤቨንስ ነው። ሆስፒታል እንኳ አልደረሰ፤ ሚርላንድ እቅፍ ውስጥ ነው የሞተው። አንተ ያኔ መች እዚህ አገር ገባህና?»

ወረቀቱን አጠፍኩት።

«እናታችሁም ያኔ ከሞተች ቆይታ ነበር» አሉ። «ያ ግማሽ ክኒን ይላክ የነበረው ለአንተ ነው።»