ከመጀመሪያው መስመር በላይ

እሑድ ረፋድ የክሊኒኩ ማቀዝቀዣ ባዶ ሆኖ ተገኘ። አርባ ብልቃጥ ኢንሱሊን የለም።

መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ ስድስት ሕፃናት በዚያ መድኃኒት ነው የሚኖሩት። ሌላ የሚመጣው ከዐሥር ቀን በኋላ ነው። እነሱ ደግሞ ሦስት ቀን እንኳ አይጠብቁም።

ማቀዝቀዣው ሲከፈት ለኃላፊው ስልክ መልእክት የሚልክ ፕሮግራም ነበር። ዝም አለ። የጻፈው ዲያቆን አትናቴዎስ ከቅዳሴ እንደወጣ ተያዘ።

«ለምን አልሠራም?» አለችው ኢንስፔክተር ማርያማዊት።

አትናቴዎስ ኮምፒዩተሩን ከፍቶ ሲያይ ፊቱ ዐመድ መሰለ።

«በ#! የምትጀምረው መስመር ‹ይህን በፓይተን ቋንቋ አንብብ› ብላ የምታዝ ናት። አንደኛ መስመር ላይ ካልሆነች ማሽኑ እንደ ትእዛዝ አይቆጥራትም። ጽሑፉን በራሱ ቋንቋ ሊያነብ ይሞክራል፣ አይገባውም። ይኸው፣ ከላይዋ ሌላ መስመር ተጽፏል።»

# በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሀዱ አምላክ

«ከአንተ ሌላ ማን ይህን ይጽፋል?» አለ የመረጃ ሠራተኛው ምንይሉ። «ሁልጊዜ ትጽፍ የለም እንዴ!»

«እጽፋለሁ፤ ግን ከሥሯ ነው።»

ማንም አላመነውም። ማርያማዊት ግን የድጓ መምህር ልጅ ናት፤ መስመሩን ደግማ አነበበችው።

«ዲያቆን፣ ‹አሐዱ› በየትኛው ሐ ነው?»

«በሐመሩ ሐ ነው እንጂ!»

«ይሄ በሀሌታው ነው። አባቴ እንዲህ ለሚጽፍ ተማሪ ራት አይሰጡም ነበር። ፕሮግራሙን ሌላ ማን ያውቃል?»

«ያስተማርኩት ምንይሉን ብቻ ነው።»

ለምንይሉ ወረቀት ሰጠችው። «አሐዱ አምላክ ብለህ ጻፍ።»

ጻፈ። በሀሌታው ሀ።

«መድኃኒቱ የት አለ?»

ምንይሉ ተንበረከከ። «ቤተል ልጄ ስኳር አለባት። ባለፈው ወር መድኃኒት ጠፍቶ እጄ ላይ ራሷን ሳተች። ሁለተኛ ተራ አልጠብቅም ብዬ ማልሁ።»

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ከስድስቱ ሕፃናት አንዷ ቤተል ነበረች።

«አምስቱስ?» አለችው ማርያማዊት።

ምንይሉ ተነሣ። እየመራ ወደ ቤቱ ጓሮ ወሰዳቸውና ከድንጋይ ካብ ውስጥ ፌስታል አወጣ።

«ቀዝቃዛ ቦታ አይደል የሚፈልገው? የኅዳር ብርድ ይበቃዋል ብዬ ነው።»

አብራ የመጣችው የክሊኒኩ ነርስ ይመኙሻል አንዱን ብልቃጥ አንስታ ወደ ፀሐይ አየችው። ሌላውንም አየች። ከዚያ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች።

«ውርጭ መቶታል። በረዶ ሆኗል።»

«ይቀልጣል እኮ!» አለ ምንይሉ። «ጠዋት አንዱን በመዳፌ አሙቄ ልጄን ወጋኋት።»

«ምንይሉ፣ አንዴ ከረጋ ቢቀልጥም አይሠራም።»

ቤት ውስጥ ቤተል ውኃ ትጠይቃለች። እናቷ «አሁን ጠጣሽ እኮ፣ ዛሬ ምን ነካሽ?» ትላታለች።