ስለ ሊንሺ ያልተጻፈው

ማቴይ ወደ ጓን የመጻሕፍት መደብር መጀመሪያ የገባው መጽሐፍ ሊገዛ ሳይሆን ከዝናብ ሊጠለል ነበር። በቻይናዋ ያአን ከተማ ለዚህ ሰበብ አይጠፋም፤ ሰማዩ ቀዳዳ ነው። በሩ ላይ ቆሞ ጃኬቱን ሲያራግፍ አንዲት ወጣት ከመደርደሪያው ጀርባ ብቅ አለች።

«ኧረ ወንድሜ፣ መጻሕፍቴ ላይ አታራግፍ! ውሃ አይወዱም።»

«እኔም አልወድም» አላት በራሷ ቋንቋ፣ ጥርት አድርጎ።

ወጣቷ ሊንሺ ፈገግታዋን ለመደበቅ ፊቷን አዞረች። ግን ዘግይታ ነበር፤ ማቴይ አይቶታል።

ማቴይ ከስሎቬኒያ መጥቶ እዚያው ከተማ ቋንቋ የሚያስተምር ሰው ነው። በየሳምንቱ ኢንተርኔት ላይ ለአገሩ ሰዎች ስለ ቻይና ይጽፋል፤ ስለ ገበያው፣ ስላነበበው መጽሐፍ፣ ስለ ሰሞኑ ዜና። ከዚያ ቀን ወዲህ መጽሐፍ የሚገዛው ከሊንሺ ብቻ ሆነ። የማይፈልገውን ሁሉ ገዛ፤ ስለ ዓሣ እርባታ የሚያወራ ሳይቀር። መጽሐፉን ስትሰጠው ዓይን ለዓይን ይጋጫሉ፤ ከዚያ ሁለቱም በአንዴ መናገር ይጀምራሉ።

ሰፈሩ አጎት ጓን የሚላቸው አባቷ ደግሞ ከሰዓት በኋላ የቼዝ ጓደኛው ሆኑ። «ማ ማለት በእኛ ፈረስ ነው» ብለው ስሙን አሳጥረው «ፈረሱ» ይሉታል።

ነገር የተበላሸው አንድ አንባቢ የማቴይን ጽሑፍ በስልክ መተርጎሚያ አዙሮ የሰፈሩ ግሩፕ ላይ የለጠፈው ዕለት ነው። ማቴይ በፍቅር የጻፈው «አጎት ጓን በመጻሕፍታቸው መሃል እንደ ድመት ያሸልባሉ፤ ቼዝ ሲሸነፉም ይቆጣሉ» የሚለው፣ «ሥራው መተኛት የሆነ ሰነፍ ሽማግሌ፣ ቼዝም አይችልም» ሆኖ ወጣ። ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። አትክልት ሻጯ ሳትቀር «አጎት ጓን፣ ዛሬ በምን ተአምር ነቁ?» አለቻቸው። ሽማግሌው የቼዝ ሰሌዳውን አጥፈው ከመደርደሪያ በላይ ሰቀሉት።

«አባቴን የሰፈር መሳቂያ አደረግከው» አለችው ሊንሺ በሩ ላይ ቆማ።

«እንደዚያ አልጻፍኩም። መተርጎሚያው ነው ያበላሸው።»

«ይተኛል አላልክም?»

ማቴይ አቀረቀረ። «ብያለሁ።»

«ለአንተ ጥሩ ወሬ ነው፤ ለእኛ ግን ኑሯችን ነው። ሲሰለችህ ሻንጣህን ይዘህ ትሄዳለህ። እኛ ግን ከነሳቃቸው እዚሁ ነን።»

በማግስቱ ሊንሺ የተዘጋ ትምህርት ቤት መጻሕፍት ልታመጣ ወደ አንድ ተራራማ ወረዳ ሄደች።

ዝናቡም ባሰበት። ማቴይ ምሳውን እየበላ ዜናውን ሰማ፤ በዚያ ወረዳ ናዳ መንገዱን ቆርጦታል፤ ስልክም አይሠራም። ሌላ ጊዜ ቢሆን እንዲህ ያለ ዜና ሲሰማ ኮምፒውተሩን ከፍቶ የሚያስበውን ይጽፍ ነበር። አሁን ግን ስልኳን ደጋግሞ ሞከረ፤ ዝም። ጃንጥላ ሳይይዝ ሮጠ።

አጎት ጓን በሩን ወለል አድርገው ከፍተው መንገዱን እያዩ ተቀምጠዋል።

«ደወለች?» አለ ማቴይ እያለከለከ።

«አልደወለችም። ግባ። በሩን አትዝጋው።»

ተቀመጠ። እሱም ዓይኑን መንገዱ ላይ ጣለ። ዝናቡ ብቻ ያወራል።

«አጎት ጓን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስለ እንቅልፍዎ መጻፍ አልነበረብኝም።»

«እንቅልፌን ተወው፤ እተኛለሁ!» አሉ በቁጣ። «ተሸነፈ ብለህ የጻፍከው ነው ያንገበገበኝ። የጻፍከው ዕለት ማን ነበር ያሸነፈው?»

ማቴይ አሰበ። «እርስዎ ነዎት።»

«ታዲያስ!»

በጭንቀታቸው መሃል ሳቅ አመለጣቸው፤ ወዲያው ደግሞ ደነገጡና ወደ መንገዱ ዞሩ። ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ጽሑፎችህን ሁሉ አስተርጉሜ አንብቤአለሁ። ስለ ኑድሉ አለ፣ ስለ ዝናቡ አለ፣ ስለ እኔ አለ። ስለ ልጄ አንድ ቃል የለም። ለምን?»

የማቴይ ጆሮ ቀላ። «ስለ እሷ መጻፍ ፈራሁ። እሷን ለሰው ማካፈል አልቻልኩም።»

አጎት ጓን ትክ ብለው አዩት። «ለሰው አትንገር፤ ለእሷስ አፍህን ምን ይዞታል?»

ያን ሌሊት እዚያው አደሩ። ሲነጋ ዝናቡ አባራ፤ መንገዱም ተጠርጎ ተከፈተ። ጎመን የጫነ አይሱዙ መጥቶ በሩ ላይ ቆመና ሊንሺ ከጋቢናው ወረደች፤ እስከ ጉልበቷ ጭቃ፣ ፀጉሯ ፊቷ ላይ ተለጥፎ። መጻሕፍቱ ግን በዝናብ ልብሷ ተጠቅልለው አልራሱም።

«አንቺ ልጅ! አንቺ እየራስሽ ወረቀት ታለብሻለሽ?» ብለው ጮኹ አባቷ፤ ከዚያ እንባቸው መጣና «ኑድል ላፍላ» እያሉ ወደ ጓዳ ሸሹ።

ሊንሺ ማቴይን አየችው። ያደረበት ሸሚዝ ተጨማድዷል።

«ናዳው ከፊታችን ሲወርድ መጀመሪያ ምን አሰብኩ መሰለህ?» አለችው። «ይሄ ሰውዬ አሁን ይሄንንም ይጽፈዋል ብዬ ተናደድኩ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ደግሞ... እሱን ሳላየው ብቀርስ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ሹፌሩ እንኳ መኪናዋን የፈራሁ መስሎት ተቀየመኝ።»

ማቴይ አንድ እርምጃ ወደ እሷ ቀረበ። «ሊንሺ፣ እወድሻለሁ። ሻንጣዬን ይዤ የትም አልሄድም። እዚሁ ነኝ፤ ከነሳቃቸው። እሺ በይኝ።»

ዓይኗ ቀድሞ መለሰለት።

«አሁን አትጠይቀኝ» አለችው። «ርቦኛል፣ በርዶኛል፣ ጭቃ ሆኛለሁ። እንዲህ ሆኜ እሺ ብል ዕድሜ ልክህን ትስቅብኛለህ።»

«እሺ አልሽ እንዴ?»

«አላልኩም!» አለችና የቀዘቀዘ እጇን እጁ ውስጥ ከተተች።

ጓዳ ውስጥ አጎት ጓን ኑድሉን አብስለው ጨርሰዋል። ሳህኖቹን ይዘው ሊወጡ ብለው፣ በበሩ ስንጥቅ ሁለቱን አዩና ተመለሱ። ምግቡ እየቀዘቀዘ ቢሄድም፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ጨው የት ሄደ? ይሄ ጨው ደግሞ የት ሄደ!» እያሉ፣ እጃቸው ላይ የያዙትን የጨው ዕቃ ረጅም ጊዜ ፈለጉ።