ሁለቴ የተተየቡ ስሞች

በዛብህ የጫቱን ጥቅል የደቻቱ ድልድይ ግንብ ላይ አስቀመጠ። በቅጠሉ መሀል ዲስኬት አለ።

አንድ ሰው አጠገቡ ቆመ።

«የዛሬው ከየት ነው?»

«ከአወዳይ። ግን ጠውልጓል።»

የይለፍ ቃሉ ልክ ነው። ሰውዬው የደኅንነት መኮንን ነው፤ የምስጢር ስሙ «ሐኪሙ»። የበዛብህ ደግሞ «ሰባት ቁጥር»። በሚሰልለው የእርዳታ ድርጅት ቢሮ ግን በዛብህ የኮምፒዩተር ባለሙያ ነው። መቼም ስምንት ወር የዋሹት ውሸት ሥራ ሆኖ ቁጭ ይላል።

በ1981 ሁለት ኮምፒዩተር ያለው ቢሮ በድሬዳዋ ብርቅ ነው። አንዱ በጥቁር ስክሪን ላይ አረንጓዴ ፊደል ይጽፋል፤ ሌላው ስክሪኑ ነጭ ሆኖ በማውስ ይታዘዛል። ጥቁሩና ነጩ ግን ጣውንቶች ናቸው፤ የአንዱን ፕሮግራም ሌላው አይቀበል፣ የአንዱን ዲስኬት ሌላው አያነብ። ስለዚህ ታይፒስቷ ሃዎ ሁሉንም ሁለቴ ትተይባለች።

«አቦ በዛብህ፣ አስታርቃቸው እንጂ!» ትለዋለች።

አላስታረቃቸውም። እሷም ሁለቴ የጻፈችውን በቃሏ ይዛ ቀረች፤ ስደተኛ በድብቅ ወደ ጅቡቲ የሚያሻግሩትን የአሥራ አንድ ሾፌሮች ስም ጭምር። ዲስኬቱ ላይ ያለው ይኸው ዝርዝር ነው። በዛብህ ሊያስረክብ ሲስማማ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሃዎ እንዳትነካ።

«ልጅቷን አሁን አንስተናታል» አለ ሐኪሙ፣ ጥቅሉን ብብቱ ሥር እየከተተ።

«አትነካም ብለህ ነበር።»

«ብዬ ነበር። ና፣ ዲስኬቱን ክፈትልኝ።»

በዛብህ ሊናደድ ፈለገ። አልመጣለትም። ተከትሎት ሄደ።

ከዚራ ሰፈር፣ አንዲት ቪላ ውስጥ፣ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ኮምፒዩተር ነጩ ዓይነት ነው።

ዲስኬቱ የጥቁሩ ነው።

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። በዛብህ ዝም አለ።

ሐኪሙ ዲስኬቱን ከተተ። ማሽኑ አጉረመረመና ጥያቄ አወጣ።

«ምን ይላል?»

«ማንበብ አልቻልኩም፣ ያለውን አጥፍቼ እንደ አዲስ ላሰናዳው ወይ ይላል።»

«ታዲያ ምን ያስጠይቀዋል? ያሰናዳው።»

ሐኪሙ እሺ ማለት እንጂ የመጣለትን ወረቀት እስከ ታች ማንበብ ልማዱ አይደለም። በእሺ ነው ለዚህ ማዕረግ የበቃው።

ተጫነው።

ስሞቹ ጠፉ።

ወደ ቢሮው ሰው ተላከ። የድርጅቱ ኃላፊ ሃዎ ስትያዝ ደንግጦ ዝርዝሩን ከሁለቱም ማሽን አጥፍቶ ተሰውሯል።

«አንተስ አላነበብከውም?»

«የምትሸከመውን አታንብብ ያልከኝ አንተ ነህ።»

ሐኪሙ ላቡን ጠረገ። «ግድ የለም። የተየበችው እኛ ጋ ናት።»

ያኔ ነው ለበዛብህ የገባው። ማሽኖቹን ቢያስታርቃቸው ኖሮ አንዴ ጽፋ ትረሳው ነበር።

ሠላሳ ስድስት ቀን ያዟት። ከአሥራ አንዱ ሾፌሮች አንድም አልተያዘም። በሠላሳ ሰባተኛው ቀን ወላጆቿ መጥታችሁ ልብሷን ውሰዱ ተባሉ።

ሐኪሙ በሪፖርቱ ጥፋቱን በማሽኑ ላይ አላከከ። ሰባት ቁጥርንም ሌላ ስም፣ ሌላ መታወቂያ ሰጥተው ናዝሬት ወሰዱት። ባቡሩ ከድሬ ሲወጣ መስኮቱ ጋ ተቀምጦ ነበር። አላለቀሰም።

የተመደበበት አዲሱ ቢሮም ሁለት ማሽን አለው።

«እነዚህ አይግባቡም እኮ» አለችው ታይፒስቷ ሽታዬ፣ አንድ የስም ዝርዝር ይዛ። «ሁለቴ ልጻፈው?»

«አንዴ ጻፊውና እርሺው» አላት። «ሁለተኛውን እኔ እጽፈዋለሁ።»