ቀኝ ትከሻው ዝቅ ይላል

መቀሱ ጠፋ። ልብስ ሰፊው ከአባታቸው የወረሱት፣ አርባ ዓመት ጨርቅ የቆረጡበት መቀስ።

በጠራራ ፀሐይ የገባ ደንበኛ ነው የወሰደው። ጥርሱን እንዳመመው ሰው ጉንጩን ይዞ፣ ቃል ሳይተነፍስ ለኮት ተለካ። ጨርቅ ሊያመጡለት ጓዳ ገብተው ሲመለሱ ሰውየውም መቀሱም የሉም።

"ፊቱን አላዩትም?" አለች የፖሊስ ጣቢያዋ ሳጅን።

"አይቼዋለሁ። ማየት ብቻ ምን ያደርጋል?"

አምና ከመሰላል ወድቀው አንጎላቸው ከተጎዳ ወዲህ ፊት መለየት አይችሉም። ዓይናቸው ደህና ነው፤ ክር በመርፌ ያስገባሉ። ሚስታቸውን ግን የሚያውቋት በድምጿ ነው።

ሰፈሩ ማስቲሽ የሚለው ጎረቤታቸው ጫማ አዳሽ ተያዘ። በዚያ ሰዓት ከልብስ ሰፊው ሱቅ ሲወጣ ታይቷል።

"መርፌ ልዋስ ገብቼ ሰው አጣሁ፣ ወጣሁ! በቃ!"

ሳጅኗ ከአራት ሰዎች ጋር አሰለፈችው። ልብስ ሰፊው አምስቱንም አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ልጄ፣ በዚህ ዓይኔ ሰው አላሳስርም።" ሜትራቸውን ከአንገታቸው አወረዱና የማስቲሽን ትከሻ ለኩ። "እሱ አይደለም። የዚያኛው ቀኝ ትከሻው ሁለት ጣት ዝቅ ይላል። ደግሞ እጄ የሚያውቀው ሰው ነው።"

"እጅዎ ካወቀውማ ድሮ ለክተውታል። የልኬት ደብተሮችዎ የታሉ?"

ሱቅ ሄደው ገለጡ። "ይኼ ሙሽራ ነበር፣ ነፍሱን ይማር። ይኼ ደግሞ በየዓመቱ ወገቡ ይሰፋ ነበር።" ልብስ ሰፊው ሳቁ። ያ ዘመን ናፈቃቸው። ሳጅኗም አላቻኮለቻቸውም።

የመጀመሪያው ደብተር ላይ ጣታቸው ቆመ። *የሠርግ ኮት፣ ለወንድሜ። ቀኝ ትከሻ ሁለት ጣት ዝቅ።*

"ልጅ ሆነን ከጎረቤት ዛፍ ወድቆ ነው። ውጣ ያልኩት እኔ ነኝ።"

ወንድምየው ተጠርቶ መጣ። አልካደም።

"ከሆስፒታል ስትወጣ ሮጬ መጣሁ። በር ላይ ቆሜ ብስቅልህ 'ምን ልታዘዝ ጌታው?' አልከኝ። የእናቴ ልጅ! ሳልናገር ተመለስኩ። ፊት አይለይም ሲሉኝ ሰበብ መሰለኝ። ልፈትንህ መጣሁ፤ እየለካኸኝ እንኳ አላወቅከኝም። የአባቴ መቀስ ባዳ ቤት አይቀርም ብዬ ወሰድኩት።"

"እኔ እኮ መስታወት ውስጥ ያለውንም ሽማግሌ አላውቀውም" አሉ ልብስ ሰፊው። እንባቸው መጣ። "ምነው አንዴ እንኳ ብትጠራኝ?"

"ክሱስ?" አለች ሳጅኗ።

"የምን ክስ? ማስቲሽን ይቅርታ ጠይቂልኝ።"

ወንድምየው መቀሱን ከኮቱ ስር አውጥቶ እጃቸው ላይ አኖረው።

"ጋሼ" አለ በመጨረሻ።

"አቤት፣ ወንድሜ!"