ገመዱ የተነቀለው ኪቦርድ

እኔ እንዲህ ያለ ነገር አምኜ አላውቅም፤ ጎንደር ፒያሳ ኮምፒውተር ስጠግን ዓመታት አልፈዋል፣ «ሰይጣን ገብቶበታል» ተብሎ የመጣልኝ ሁሉ ወይ አቧራ ነው፣ ወይ አይጥ የቆረጠው ሽቦ፣ እመኑኝ፣ ሌላ አይቼ አላውቅም፣ እስከዚያ ዝናባማ ከሰዓት ድረስ።

አያ ታከለ የሚባሉ ገበሬ ትክል ድንጋይ ከሚባል አገር አሮጌ ኮምፒውተር በጋቢያቸው ጠቅልለው መጡ። ኮምፒውተሩ አምና ያረፈው ልጃቸው ንብረት ነው፣ ልጁ አስተማሪ ነበር፣ የተቀዳ ድምፁ ያለው እዚያ ውስጥ ብቻ ነው።

«ድምፁን አውጪልኝ ልጄ፣ ሌላውን ተይው።»

ስከፍተው ዲስኩ እያጓራ ተነሳ፣ አንዴ ከቆመ ዳግም እንደማይዞር ገባኝ። ድምፁን ወደ ፍላሽ መገልበጥ ስጀምር ማሽኑ ስታክ አደረገ፣ ባለበት ደርቆ ቀረ። እንደ አዲስ ማስነሻው የሪሴት ቁልፍ ተሰብሯል፣ መብራት ባጠፋበት ደግሞ ዲስኩ ይቆማል፤ የቀረኝ መብራቱ ሳይቋረጥ ከኪቦርዱ በትእዛዝ ብቻ እንደገና ማስነሳት ነው፣ የድሮዎቹ ማሽኖች እንዲህ ይታዘዛሉ። ለዚህ የሚያገለግሉትን ሦስት ቁልፎች አንድ ላይ ደጋግሜ ተጫንኩ፣ ወይ ፍንክች! ምናልባት የተበላሸው ኪቦርዱ ይሆናል ብዬ ሌላ ልሰካ ነቀልኩት።

ገመዱ እጄ ላይ ነው፣ ልብ በሉልኝ፣ እጄ ላይ እያለ የኪቦርዱ መብራቶች ቦግ አሉ። ከዚያ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ሰው ረጋ ብሎ ቁልፍ ሲጫን እንደሚሰማው። ማሽኑ «ጢጥ» አለና፣ ዲስኩ ሳይቆም፣ እንደ አዲስ ተነሳ።

«ምነው ደነገጥሽ?» አሉኝ አያ ታከለ።

«አያ፣ እርስዎ ነኩት?»

«እኔማ እጄ ጋቢዬ ውስጥ ነው።»

መልስ ፍለጋ ጊዜ አላጠፋሁም፣ የልጁን ድምፅ ወደ ፍላሽ ገለበጥኩት። ሲያልቅ ከፈትኩላቸው፤ «እንዴት ዋላችሁ ልጆች» አለ አንድ ለስላሳ ድምፅ። አያ ታከለ ዓይናቸውን ጨፍነው ሳቁ፣ እንባቸው ግን ይወርዳል፤ «ሸጋ! እሱ ነው፣ እሱው ነው!» እፎይ፣ ከላዬ ተራራ የወረደ መሰለኝ። ዲስኩ ያኔውኑ ቀጥ አለ፣ ዳግም አልዞረም።

የሙያ ጓደኞቼ «ውስጡ የቀረ ኤሌክትሪክ ነው» ይሉኛል። ለኪቦርዱ መብራትስ ይሁን፣ ስለ ቀጭ ቀጩ ስጠይቃቸው ግን ወሬ ይቀይራሉ። የዚያን ቀን እንቅልፌን ጠግቤ ተኛሁ፣ አልዋሽም፤ ዛሬ ግን አንድ ማሽን አልታዘዝ ሲለኝ፣ ከመብራት ከመንቀሌ በፊት እጄን አንስቼ ጥቂት እጠብቃለሁ፣ ማንን እንደምጠብቅ ብቻ አትጠይቁኝ።