የጌዴዎን ትንፋሽ

ፊቤ ከሌሊት ፈረቃ ገብታ ገና ጋደም ከማለቷ፣ ከአጥሩ ማዶ ኳስ ሲነጥር ሰማች። የኮቪድ ሎክዳውን፣ ከቤት ያለመውጣት ገደቡ፣ ከታወጀ ወዲህ እንቅልፍ የላትም። ተነስታ ወጣች።

«እባክህ፣ ሰው ይተኛበት!»

ጎረቤት ግቢ የቆመ አንድ ወጣት ኳሱን ያዘና ገመድ ላይ የተሰጣውን የነርስ ልብሷን አየ።

«ይቅርታ ሲስተር። ካላነጠርኩ እጄ ይረሳብኛል።»

ጌዴዎን ይባላል። ሆሳዕና ተወልዶ ጣሊያን ያደገ፣ ከአንዱ ትንሽ ክለብ ወደ ሌላው ሲንከራተት ቆይቶ ሊትዌኒያ ውስጥ ቅርጫት ኳስ የሚጫወት ባለሙያ ነው። አክስቱን፣ የፊቤን ጎረቤት እትዬ ኤርጎጌን ሊጠይቅ ሰፈራቸው ሮዘተንቪል እንደመጣ በረራው ተዘጋና ቀረ።

ከዚያ ወዲህ እሷ ስትነቃ ብቻ ያነጥራል። በአጥሩ ወዲያና ወዲህ ማስክ አድርገው ያወራሉ። ጨዋታዎቹንም በስልኳ ፈልጋ አየች። ከጓደኞቹ ሁሉ አጭር ነው። ኳሱን እየመራ ይገሰግስና ድንገት ቀጥ ይላል፤ ተከላካዩ አልፎት ሲሄድ፣ ወደ ግራ እያየ ለቀኙ ያቀብላል።

«እንዴት ነው እንደዚያ የምትቆመው?»

«ቁመት የለኝ፣ ትንፋሼን ነው የማምነው» አለ እየሳቀ። «ሳንባዬ ነው እንጀራዬ።»

ፊቤ አልሳቀችም። አየር አጥሯቸው ከሚሞቱ ሰዎች መካከል ነበር የመጣችው። ከአጥሩ ራቅ ብላ ቆመች።

«ጠጋ በይ እንጂ።»

«አይሆንም ጌዴዎን። አይሆንም።»

በሐምሌ፣ እትዬ ኤርጎጌ ከከተማው ወጣ ብሎ ኦሬንጅ ፋርም ካለው ሱቃቸው ሲመለሱ ደጃፍ ላይ ወደቁ። ጌዴዎን ሲጮህ ፊቤ ማስክ እንኳ ሳታደርግ ሮጠች። ስኳራቸው ወርዶ ነበር። ደግፈው አስተኟቸው፣ ተረፉ።

በሳምንቱ ፊቤ ኮቪድ ተገኘባት። ቀጥሎ ጌዴዎን ታመመ። ሳሉ ግድግዳ አልፎ ሲሰማት ትራሷን ነክሳ ትጸልያለች። ከአልጋው ሲነሳም ከበሩ እስከ አጥሩ መሮጥ አቅቶት መሬት ላይ ተቀመጠ።

«እኔ ነኝ ያስያዝኩህ» አለችው።

«አክስቴንስ ማን አተረፋት? ተይ ፊቤ።»

አልተወችም። ከዚያ በኋላ ወደ አጥሩ አልመጣችም። በረራ ሲከፈት ክለቡ ጠራው፤ ሻንጣውን ሲጭን በመጋረጃ ቀዳዳ አየችው እንጂ አልወጣችም። ቢደውልም አላነሳችም።

ኅዳር ላይ ከሥራ ስትመለስ እትዬ ኤርጎጌ እጇን ይዘው አስገቧት።

«ነይ፣ ልጄ ሊጫወት ነው። ብቻዬን ማየት ፈራሁ።»

በስልካቸው ላይ የሚታየው የመጫወቻ አዳራሽ ተመልካች የለበትም። ጌዴዎን ገባ፤ ብዙም ሳይሮጥ ጉልበቱን ይዞ አጎነበሰ። ፊቤ አፏን በእጇ ሸፈነች። አሰልጣኙ አስወጣው።

በጨዋታው የመጨረሻ ሩብ ግን መለሰው። ድሮ በስልኳ ያየችው ሰው አልነበረም። አይገሰግስም፤ ኳሱ እጁ እንደገባ ያቀብላል፣ በጣቱ እያመለከተ ጓደኞቹን ያሯሩጣል። አሸነፉ። እሷ ውጤቱን አላየችም፤ የምታየው ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል ነበር።

ትንሽ ቆይቶ ስልኳ ጠራ። እትዬ ኤርጎጌ አፍጥጠው አዩዋት። አነሳችው።

«አየሽኝ?»

«አየሁህ።»

«እንደ ድሮው አልሆንም ፊቤ። ሐኪሙም ነግሮኛል።»

«እኔም እንደ ድሮው አይደለሁም።»

ትንፋሹ ይሰማታል።

«ሊጉ ሲያልቅ ልምጣ?»

እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

«ና» አለችው።