ለስለት መንገድ የተመረጠ ቡት

የጁባው ማላኪያ ሰፈር ሰው የሚገዛው ነጠላ ጫማ ነው፤ ሠርግ ካለበትም የሚያብረቀርቅ ሹል ጫማ። ሠርፀ ግን በዚያ አናት በሚበሳ ቀትር የዝማሬ ጫማ ሱቅ ገብቶ፣ «ውኃ የማያስገባ፣ ውስጡ የሚሞቅ ቡት ይኖርሻል?» አላት።

ዝማሬ ማራገቢያዋን ወደ እሱ አዞረችለት። «ወንድሜ፣ ፀሐዩ ነው እንዲህ ያደረገህ?»

የጎረቤቱ ባለሱቅ ኸይሩ ከበራፉ ላይ ሆኖ ጣልቃ ገባ። «መጀመሪያ ውኃ ስጪው፤ ጫማው ይደርሳል።»

ሠርፀም ሳቀ። ኮሎሎ መንገድ ላይ ባለ ሆቴል የጄኔሬተር ሠራተኛ ነው። ልብሱ ናፍታ ናፍታ ይሸታል፤ ሳቁ ግን ፊቱን ሁሉ ያጥበዋል።

የጎማ ቦቲ አወረደችለት። «ይኼ ውኃ አያስገባም።»

«እግር ግን ያቀዘቅዛል።»

የወታደር ቡት አመጣችለት። ስፌቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰና መለሰላት። «ይኼ ደግሞ ውኃ ይጠጣል።» ከዚያ፣ እንደሚያፍር ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ነገሩን ነገራት። በልጅነቱ ግራ እግሩ ታሞ ሐኪሞቹ ይቆረጥ ብለው ነበር። እናቱም፣ በእግሩ ከቆመልኝ የመንዝን ክረምት፣ ጭቃውንና ውርጩን ረግጦ ከደጄ እስከ አቡዬ ገዳም ይወጣል ብለው ተሳሉ። እሱ ዳነ፤ ስለቱ ግን ዛሬ በትምህርት፣ ነገ በሥራ እየተባለ ሳይደርስ ቀረ።

«አሁን ደክማለች» አለ። «‹ይህን ሳላይ አትውሰደኝ› ነው ጸሎቷ። እግሬ ደግሞ እርጥበትና ብርድ ካገኘው ያብጣል። ሳልደርስ መንገድ ላይ ብወድቅ ምን እላታለሁ?»

«ካምፓላ የሚመላለስ ሹፌር አለ፤ አስመጣልሃለሁ» አለችው።

ከዚያ በኋላ ከሥራ ሲወጣ በዚያ ማለፍ ልማዱ ሆነ። «መጣ?» ይላል። «አልመጣም» ትለዋለች። አልመጣም ተብሎ የሚሄድ ሰው ግን አልነበረም፤ ካርቶን ገልብጦ ይቀመጣል። የሚንገጫገጨውን ማራገቢያዋን ጠገነላት። ወሬው ሲያልቅባቸውም አይነሣም።

«አንተ ሰው፣ ጫማውን ነው የምትጠብቀው ሻጯን?» አለው ኸይሩ አንድ ቀን።

ሠርፀ ዓይኖቹን ወደ እሷ መለሰ። «ከስለቱ ስመለስ ሽማግሌ እልካለሁ» አላት። ዝማሬ ቀድሞ የተደረደረውን የጫማ ሳጥን እንደገና መደርደር ያዘች።

ደስታዋ ግን እሾህ ነበረበት። ከዓመታት በፊት «በወሩ እመለሳለሁ» ብሎ ከጁባ አውሮፕላን የተሳፈረ እጮኛዋ እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ነው።

ቡቱ መጣ። ሶሉ ወፍራም፣ ጥርሱ ጭቃ የሚይዝ፣ ምላሱ ውኃ እንዳያሾልክ ከሁለት ጎኑ የተሰፋ፣ ውስጡ ሱፍ ነው። እጇን ብትከተው ወዲያው አላባት። ከዚህ የተሻለ እንደማይገኝ አወቀች፤ ስላወቀችም ፈራች። ለጥቂት ቀን ብቻ ብላ ከባንኮኒው ሥር ሸሸገችው።

«መጣ?»

«አልመጣም።»

ያን ምሽት «አባታችን ሆይ» ስትደግም መሐሉ ላይ ቃሉ ጠፋባት። ጥቂት ቀን ያለችውም እየረዘመ ሄደ።

አንድ ሐሙስ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ የኢትዮጵያውያኑ ቤተ ክርስቲያን የእድር ሰዎች ጋሽ ገብሬና እትዬ የምስራች ሱቋ ገቡ። ጋሽ ገብሬ ቆባቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ የሠርፀ እናት ዛሬ ጠዋት አርፈዋል። ወንድሙ ነው የደወለልን። መርዶውን ነገ ማለዳ እንነግረዋለን።»

«እዚህ ዘመድ የለው» አሉ እትዬ የምስራች፤ «አንቺ አጠገቡ ሁኚ። እስከዚያ ግን ከአፍሽ እንዳይወጣ። ለብቻው ሰምቶ እንዳይወድቅ።»

ከሰዓት በኋላ ሠርፀ እንደ ልማዱ ብቅ አለ። «መጣ?»

አልመጣም ለማለት አንደበቷ እንቢ አላት። «መጣ።»

ፊቱ በራ። ወፍራም የሱፍ ካልሲ ሰጠችው፤ ተንበርክካም ቡቱን አጠለቀችለት። «ጣቶችህን አንቀሳቅስ። ካልሲው ውስጥ ሆነው ካልተጫወቱ ጠቦሃል ማለት ነው፤ የጠበበ ጫማ ያበርዳል።» ጣቶቹ ተጫወቱ። ክሩን አጠበቀችለት፤ ጆጉን አንሥታ ከላይ ውኃ አፈሰሰችበት። ውኃው እንደ ዶቃ ተንከባለለ፤ አንዲትም ጠብታ አልገባችም።

«እማዬ ይህን ስታይ!» አለ፤ ሱቁ ውስጥ ወዲያና ወዲህ እየተራመደ። «ነገ ትኬት እቆርጣለሁ። ዝማሬ... ምነው፣ ታለቅሻለሽ?»

«ላብ ነው» አለችው።

በማግስቱ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሠርፀ የቤቱን በር ከፈተ። ዝማሬንና የእድር ሰዎቹን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደጁ ላይ ሲያያቸው ማንም ቃል ሳይናገር ገባው።

ለቀስተኛው ሲሳሳ፣ ከድንኳኑ ጥግ አጠገቡ እንደተቀመጠች፣ «ሐሙስ ዕለት ታውቂ ነበር?» አላት።

«አውቅ ነበር።»

«እሱስ ወግ ነው፤ አልቀየምም።» ቀና ብሎ አያት። «ቡቱ መቼ ነው የመጣው?»

ሐሙስ ብትለው ያምናት ነበር። ሹፌሩ አገር ውስጥ የለም፤ ኸይሩም አላየም። ዝማሬ አማተበች።

«ሁለት ሳምንት አልፎታል። የደበቅኩት እኔ ነኝ። እንዳትሄድብኝ ብዬ።»

አልጮኸም። ሲጮኽ ብትሰማው ይቀላት ነበር። «በየቀኑ ጠይቄሽ ነበር» አለ ብቻ። በሳምንቱ ተሳፈረ።

ነሐሴ ላይ ስልኳ ጠራ። ከድምፁ ቀድሞ የነፋስ ፉጨት ተሰማት።

«ገዳሙ ደርሻለሁ» አለ ሠርፀ። «ከደጇ ተነሥቼ ነው የወጣሁት። ወንድሜ ሸኘኝ። ጭቃው አይጣል ነው፤ በረዶም ወርዷል።»

«እግርህስ?»

«ደረቅ ነው። ሙቅ ነው።» ከነፋሱ በላይ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ይቅር ብዬሻለሁ፣ ዝማሬ። እዚሁ ደጀ ሰላም ቆሜ ነው የምልሽ፤ ከልቤ ነው። ነገር ግን አንቺን ባሰብኩ ቁጥር፣ በር ላይ ቆማ መንገድ መንገዱን የምታይ እናቴ ትመጣብኛለች። ከዚህ ጋር ትዳር እንዴት ይሆናል?»

«እግዚአብሔር ነፍሷን ይማር» አለች ዝማሬ። «ስለቷም ደረሰ።»

«አሜን።»

እሱ አልዘጋም፤ እሷም አልዘጋችም። መስመሩ ራሱ እስኪቋረጥ ድረስ የተራራውን ነፋስ አዳመጠች።

«ማን ነው?» አለ ኸይሩ ከበራፉ።

«ደንበኛ ነው» አለችው።

ኸይሩ፣ ለሁሉ ነገር ቀልድ የማያጣው ሰው፣ በርጩማውን አንሥቶ መጣና እደጇ ላይ ቁጭ አለ።